ለልጅ ያልተሳለ ሥዕል

ሐና ማርያም፣ ጥቅምት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለማናዬ ቸኮል፣ ጃፓን አገር ላለችው

ይህን ብዕር የያዘው እጅ የሃምዛ ነው፤ ከአጥራችን ማዶ ያለው ባለሱቁ ሃምዛ። ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ ነው። ጽሕፈቱ ካማረሽ እሱን አመስግኚ፤ ነገሩ ካማረሽ እኔን። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ብዕሩን ጥሎ ስለሚነሳ፣ ነገሬን መሃል ላይ ተቆርጦ ካገኘሽው ሳሙና ሊሸጥ ሄዶ ነው።

እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ያው ጉልበቴ ነው። ላሚቱ ደህና ናት። ልጅሽ ቲናም ደህና ናት። መልስ ስለዘገየብሽ ይቅርታ። ይቅርታ የምትለዋን ሃምዛ ነው የጨመራት፤ ትቆይ፣ ግድ የለም።

የጠየቅሽኝን በየተራው እመልሳለሁ።

ሳጥኑ ደርሷል። አብሮሽ ይሠለጥን የነበረው ደምሰው ከጃፓን በተመለሰ በማግስቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ራሱ ተሸክሞ አመጣው። የቪዲዮ ማጫወቻውም፣ የእኛ መብራት እንዳያቃጥለው ያልሽው ከባዱ ትራንስፎርመርም፣ ካሴቶቹም ደህና ናቸው። ያከራየችሽ አሮጊት አይታት ለማታውቃት ልጅ ይህን ሁሉ የሥዕል ፊልም ከቴሌቪዥን እየቀዳች ማስቀመጧ ደግ ብትሆን ነው። እግዜር ይስጥልኝ በያት።

ቀለሙ እንዴት ነው ላልሽው፣ ቀለም የለውም። ጥቁርና ነጭ ነው። ልጆቹ ሲጠይቁኝ፣ ጃፓን ጉም ስለሚበዛበት ቀለም አይወጣም ብያቸዋለሁ። ሃምዛ የቴሌቪዥናችን ጠባይ ነው ይላል። ይበል።

"ልጆቹ" እነማን ናቸው ትይኝ ይሆናል። የሰፈሩ ናቸው። ቲናን ብቻዋን አይታ ብቻዋን እንድትስቅ አድርጌ አላሳድጋትም። ተከራይ የለቀቀውን ክፍል ጠርጌ ቴሌቪዥኑን እዚያ አስገባሁት፤ ዙሪያውን መደብ ገነባሁበት። ግንበኛ ነኝ፣ መደብ ለመገንባት ማንንም አልለምንም። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ይገባሉ። መግቢያው አንድ እቅፍ ሣር ነው። ላሚቱ እንዲህ ጠግባ አታውቅም። ገበሬው ሁንዴሳ ግን "ጋሽ ቸኮል፣ የወንዙን ዳር ልጆችህ ላጩት፤ የእኔ በሬዎች ምን ይብሉ?" እያለ ሊከሰኝ ይዝታል። በሬዎችህም መጥተው ይዩ አልኩት።

ጃፓንኛውን ማን ይተረጉምላቸዋል ብለሽ ስቀሻል። እኔ ነኛ! ዱላዬን ይዤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እቆማለሁ። አፋቸው ሲከፈት እናገራለሁ፤ ሲዘጋ ዝም እላለሁ። የተጣላ ሰው ምን እንደሚል ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ያ ጆሮ ረጅሙ ፍጥረት በእኔ አፍ መንዜ ሆኖ እየሸለለ ነው። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፦ ቲና ለምን አንዲት ቃል አልላከችልኝም፣ እንደ ድሮው ለምን ሥዕል አልላከችልኝም ብለሻል። ትምህርት በዝቶባት ነው። አንደኛ ክፍል ቀላል አይምሰልሽ።

በቃኝ። ሃምዛ፣ አንብብልኝ።

አባትሽ ቸኮል

(ከወረቀቱ ጀርባ፣ በዚያው እጅ)

እህቴ ማናዬ፣ ይህ የእኔ የሃምዛ ቃል ነው፤ ጋሽ ቸኮል አያውቁም። በአባት ቃል ላይ መጨመር ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ቲና ግን ደህና አይደለችም። ትኩሳት የለባትም፣ አላመማትም። ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ የግቢውን በር መወርወሪያ በሁለት እጇ ይዛ በብርድ ትቀመጣለች። ሱቄን ስከፍት በየማለዳው አያታለሁ። ምን ሆነሽ ስላት ፊቷን ታዞራለች። ስለ አንቺም መጠየቅ ትታለች። እንደምንም ብለሽ ጻፊ። እኔ ነገርኩሽ ግን አትበይ።

---

ሐና ማርያም፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማናዬ

ዛሬ ብዕሩ የጸደንያ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምረው የጎረቤታችን ልጅ። ሃምዛን ከብዕር አሰናብቼዋለሁ። ቲና በር ላይ ስትቀመጥ በሕልሜ አየሁ ብለሽ ጽፈሻል። መወርወሪያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትላለሽ። ሕልም እንዲህ አጥርቶ አያይም፤ ሃምዛ ነው ያየልሽ።

ጸደንያም ብትሆን ችግር አለባት። "ደደብ" ስላት ሌላ ነገር ትጽፋለች። ማንበብ ባልችልም ዓይን አለኝ፤ እኔ አጭር ቃል ተናግሬ የእሷ እጅ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ሲሄድ አያለሁ። እንዳልኩት ጻፊ ብዬ አስምያታለሁ።

ባለፈው ደህና ናት ያልኩሽ አንቺን እዚያ ብቻሽን እንዳላስጨንቅ ነው። አሁን እንደ ግንብ ከመሠረቱ ጀምሬ እነግርሻለሁ።

መስከረም ላይ የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘነቡ ወንድም ጎንደር ሞተ። መርዶውን እስክናረዳት ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። "ወንድሜ እንዴት ሆነ?" ስትለን "ትንሽ ደክሞታል፣ ተኝቷል" እንላት ነበር። ይህ ያደግንበት ሥርዓት ነው፤ እኔ አላመጣሁትም። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ተሰባስበን በሯን አንኳኳን። ስትከፍት ሁላችንንም ቆመን አየችን። ማንም አልተናገረም፤ እሷ ግን ጮኸች። ቲና እጄን ይዛ ነበር። ለምን ይዘሃት ሄድክ አትበይኝ፤ ብቻዋን ቤት ልተዋት?

ከዚያ ያ ካሴት። ደምሰው ካመጣልን መሃል ማቀፊያው ላይ መብራት ያለበት ማማ የተሳለበት አንድ ነበረ። ሥዕል ነው። ሥዕል ደግሞ የልጅ ነው። ማንም በእኔ ቦታ ቢሆን ያስገባዋል፤ አስገባሁት። ባሕር ዳር ማማ ላይ እየወጣች ለመርከብ መብራት የምታበራ ሴት ናት። ባል አላት፣ ትንሽ ልጅ አላት። ማንም አይዘልም፣ ማንም አይማታም። ልጆቹ "ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጣሉት?" ይሉኛል። "ቆዩ፣ ይጣላሉ" እላለሁ። አይጣሉም። ሴትዮዋን ሳል ያዛት፤ ከዚያ ከሳች፤ ከዚያ ወለል ላይ አጋደሟትና ፊቷን በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት።

እኔ ምን ልበል? የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አፌን ያያል። "ደክሟት ተኛች፤ ጨርቁ ዝንብ እንዳይነካት ነው" አልኩ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ገብተው በዝምታ ዙሪያዋን ተቀመጡ። "እንግዶች ናቸው፤ እስክትነቃ እየጠበቁ ነው" አልኩ። ሌሎቹ አመኑኝ። ቲና ግን የዘነቡን ቤት አይታለች፤ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚቀመጥ ታውቃለች።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤሽ ደረሰ። "ሥራው ከብዶኛል፣ ደክሞኛል፣ እንደገባሁ እተኛለሁ" ይላል። ሃምዛ ጮክ ብሎ አነበበው። ልጅቷ ምግቧን ትታ ብድግ ብላ ወጣች። በማግስቱ ማለዳ በሩ ላይ አገኘኋት።

ለምን እንደሆነ ግን እስከ ትናንት አላወቅኩም። ስጮህባት ከርሜያለሁ። ትናንት ሳልጮህ ሄጄ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አልኳት።

"እንዳይገቡ።"

"እነማን?"

"ሊነግሩን የሚመጡት።"

"ምኑን ነው የሚነግሩን?"

"ካልነገሩን አልሞተችም" አለችኝ።

ማናዬ፣ በሥራ ዘመኔ ድንጋይ እግሬ ላይ ወድቆ ያውቃል። እንደዚህ አላመመኝም።

"እናትሽ በሕይወት አለች! ደብዳቤዋን በጆሮሽ ሰምተሻል" አልኳት።

"ደብዳቤውን የሚናገረው ሃምዛ ነው።"

"ሃምዛ እሷ የጻፈችውን ነው የሚያነበው!"

"አንተም እነሱ ያሉትን ነው የምናገረው ብለኸናል። ባለፈው ጆሮ ረጅሙ 'ውኃ ስጡኝ' አለ። ደግመህ ስታሳየን እዚያው ቦታ ላይ 'በሬዬን ማን ወሰደው' አለ።"

ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንደ ዳኛ ታየኛለች።

አሁን እኔም እጠይቅሻለሁ። የጃፓን ሰው ለሕፃን ሬሳ ይስላል? ይህ ምን ዓይነት አገር ነው? አባቷ የተባለው ሰው ጥሏት ሲሄድ አንዲት ቀን ያላለቀሰች ልጅ፣ አንድ ሥዕል እንዲህ ያድርጋት? ነይ ብዬ አልለምንሽም፤ የሄድሽበትን ትምህርት ጨርሺ። ግን መኖርሽን እኔ ልፈጥረው በማልችለው መንገድ አሳያት። የእኔ ቃል እሷ ዘንድ አልቋል።

ጸደንያ፣ አፍንጫሽን ጠርገሽ አንብቢልኝ። ወረቀቱ ላይ ጠብታ ካለ የእሷ ነው።

አባትሽ ቸኮል

---

ናጎያ፣ ጥር 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአባዬ፣ ይህንንም ለሚያነብልህ ሰው

ደብዳቤህን ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የዚያን ቀን የሽመና መኪናውን ክር ስንት ጊዜ እንደበጠስኩ አልነግርህም። "ደክሞኛል" ብዬ በመጻፌ ራሴን ረግሜያለሁ። አንተን አልወቅስህም፤ አንተም እኔን አትውቀሰኝ።

ስለ ሥዕሉ እነግርሃለሁ። እዚህ ሥዕል የልጅ ብቻ አይደለም፣ አባዬ። ዕድሜ አለው። ፊደል ላልጀመሩት ለብቻ ይሠራል፤ ለተማሪዎች ለብቻ፤ ለጎረምሶች የሚፋለሙበት አለ፤ ለኮረዶች የሚዋደዱበት አለ። ለትልልቅ ሰዎችም አለ፤ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሞት። መጀመሪያ ባቡር ውስጥ ክራቫት ያሠረ ሰውዬ የሥዕል መጽሐፍ ሲያነብ አይቼ ስቄበት ነበር። ያነበበውን ዘግቶ በመስኮት ሲያይ ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ።

ማማ የተሳለበትን ካሴት እኔ አልከተትኩትም። አከራዬን ጠየቅኳት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻህን እንደሆንክ አንድ ቀን ነግሬያት ነበር። እሷም ባሏ የሞተባት ናት። "እሱ ለአባትሽ ነው፤ በእሱና በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው የተሳለ ነው" አለችኝ። ለአንተ ነበር፣ አባዬ። ለልጆች መታየቱን ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች፤ ሦስት ጊዜ አጎንብሳ ይቅርታ ጠየቀችህ።

አሁን እንዲህ እናድርግ። ጎፋ ደምሰው ቤት ስልክ አለ፤ ተነጋግረናል። እሑድ የካቲት 15፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ቲናን ይዘህልኝ ና። ግን ጎትተህ አታምጣት። በእግሯ ካልመጣች ድምፄንም አታምነውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። ጃፓንኛ እንደማትችል ንገራት። ታውቀዋለች፤ ግን ከአንተ አፍ ትስማው።

ልጅህ ማናዬ

---

ሐና ማርያም፣ ጥር 29 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማናዬ

ሃምዛን ወደ ብዕሩ መልሼዋለሁ። ይቅር ብዬው አይደለም። ጸደንያ ቃሌን ታሳምራለች፤ ሃምዛ ይከዳል እንጂ አያሳምርም። ይህንንም ስል እየሳቀ እየጻፈ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከስልክሽ ቀድሞ አይደርስም፤ አውቃለሁ። ግን የጠየቅሽኝን ሳልመልስ ማደር አልወድም።

መጀመሪያ "ትልቅ ሰው ሥዕል ያያል" ያልሽውን አላመንኩሽም። ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሥዕል ሲያይ ሰው ምን ይላል? ሆኖም ለእኔ ተልኮ ሳላየው ብቀር የሴትዮዋን ስጦታ መናቅ ነው። ስለዚህ ልጆቹን አስወጥቼ ወይዘሮ ዘነቡንና ሁንዴሳን ጠራሁ። ትልቅ ሰዎች፣ የቀበሩ ሰዎች። በዚህኛው ላይ ዱላዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ፤ አንድ ቃል አልተረጎምኩም። ሴትዮዋ ከተቀበረች በኋላ ባልየው በማግስቱ ማማው ላይ ወጥቶ መብራቱን ሲለኩስ፣ እጁ እንዴት እንደሚለኮስ ሲጠፋው አሳይተዋል። የእናትሽን ምጣድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንሳት የሞከርኩበት ቀን ትዝ አለኝ፤ እጄን ተቃጥዬ ነበር። ለሴትዮዋ ንገሪያት፦ ጥሩ ሥራ ነው። ለልጅ አይሆንም። ለእኔ ሆኗል።

ዘነቡ እስኪያልቅ ከመደቡ አልተነሳችም። ሲያልቅ "ልጅቷ ያየችው ይህንን ነው?" አለችኝ።

"ይህንን ነው።"

"እናንተም በሬ ላይ እንዲሁ ነበር የቆማችሁት" አለችኝና ወጣች።

እንግዲህ እኔም ዕድሜ ወስኛለሁ። የልጆቹን የልደት ወረቀት ማን ያውቃል? ድሮ ለትምህርት ቤት እንደምንለየው አደረግኩ፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን የነካ እሑድ ፍልሚያውን ያያል፤ ያልደረሰ ቅዳሜ ጆሮ ረጅሙን ያያል። ጢም ያበቀለ ወይም የወለደ ብቻ የማማውን ያያል። ሚኪ የሚባለው የጸደንያ ወንድም እጁ አልደርስ ሲለው አንገቱን አጣሞ ጆሮውን ወደ እጁ ያመጣል። "አንገትህን አቅና!" ስለው፣ "ጋሼ፣ ተፈጥሮዬ ነው" ይለኛል። እስከ በሩ ድረስ አንገቱን እንዳጣመመ ሄደ።

የለመንሽኝንም አድርጌዋለሁ። ቅዳሜ ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ፣ ቲናም በር ላይ ሆና በምትሰማበት ድምፅ፣ "ጃፓንኛ አልችልም" አልኩ። ጸጥ ይላሉ ብዬ ነበር። ሚኪ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እሱማ እናውቃለን ጋሼ፤ ዝም ብለህ ተርጉም!" ሁሉም አጨበጨቡ። ከሳምንት ሳምንት ያውቁ ኖሯል! የማያውቁ መስሎኝ የኖርኩት እኔ ነበርኩ።

ቲና ግን አልሳቀችም። ማታ መጥታ "ስለ እማዬም አታውቅም ማለት ነው?" አለችኝ። "ስለ እናትሽ አውቃለሁ፤ ስለ ጥንቸል ነው የማላውቀው" አልኳት። አሰበችበት። "ለመለየት አይቻልም" አለችኝ።

ስለ ስልኩ ነገርኳት። ጎፋ ድረስ እንሂድ፣ በጆሮሽ ስሚያት፣ እኔ በመሃል አልገባም አልኳት። ልቧ ሲሄድ ዓይኗ ላይ አየሁት። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። "እኛ ጎፋ ስንሄድ ቢመጡስ? ማን ይይዘዋል?" እቆልፈዋለሁ ብላት፣ "የዘነቡም ቤት ተቆልፎ ነበር" አለችኝ።

ይኸው ነው። ድንጋይ ፈንቅዬ ቤት ያቆምኩ ሰው፣ አንዲት ልጅ ከበር ላይ ማንሳት አቃተኝ። ጎትተህ አታምጣት ብለሻል፤ አልጎትታትም። ያን ቀን ስልኩን ብቻዬን ካነሳሁት፣ ለምን እንደሆነ ይህ ሲደርስሽ ይገባሻል።

አንብብልኝ ሃምዛ። ቀስ ብለህ።

አባትሽ ቸኮል

---

ሐና ማርያም፣ የካቲት 17 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለማናዬ

እጁ የሃምዛ ነው፤ ዛሬ ደንበኛ ቢመጣም አይነሳም፤ ሱቁን ለጸደንያ አስይዞ መጥቷል።

ቲና ስልኩን መልሳ ሰጥታኝ ሊቋረጥ ሲል "አባዬ፣ እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች?" ብለሽ ጮኸሽ ነበር። መልስ ሳልሰጥሽ መስመሩ ጠፋ። ሁለቱንም ነው። አንቺ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሽው፤ ያላየሽውን ልንገርሽ።

እሑድ የቅበላ ቀን ነበረ። ሰፈሩ ሁሉ ሥጋውን እየበላ፣ እኔ ካፖርቴን ለብሼ ግቢ ውስጥ እንጎራደዳለሁ። ቲና መወርወሪያውን ይዛ ተቀምጣለች። አታየኝም። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ያን ጊዜ ዘነቡ መጣች፤ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ በርጩማዋን በእጇ ይዛ። በሩን አላንኳኳችም። ከውጭ ሆና "ቲና፣ እኔ ነኝ። ምንም ወሬ አልያዝኩም። ክፈቺልኝ" አለች።

ልጅቷ በቀዳዳ አይታ ከፈተችላት። ዘነቡ በርጩማዋን በሩ ሥር አስቀመጠችና ተቀመጠችበት።

"በይ ሂጂ። እኔ እይዘዋለሁ" አለቻት።

"አንቺ ሲያንኳኩ ከፍተሻቸዋል" አለቻት ልጅት። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

ዘነቡ አልተቆጣችም። "አዎ፣ ከፍቻለሁ። ለዚያ ነው ዛሬ የማልከፍተው።"

"ቄሱ ቢመጡስ?"

"ቄስም አይገቡም።"

"ሃምዛስ? ከረሜላ ይዞ ቢመጣስ?"

"ከረሜላውን በአጥር ላይ ይወርውር።"

ቲና ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ እጇን አነሳችና የዘነቡን ሁለት እጆች መወርወሪያው ላይ አስቀመጠች። "እንዲህ ነው የሚያዘው። ሲደክምሽ አንዱን ታሳርፊያለሽ፤ ሁለቱንም ግን አይሆንም" አለቻት። ከዚያ መጥታ እጄን ያዘች። እኔ አልጎተትኳትም፤ እንዲያውም ታክሲ ፍለጋ እሷ ነች የጎተተችኝ።

ደምሰው ቤት ስልኩ ሲጮህ ከሶፋው ኋላ ተደበቀች። እኔ አነሳሁት፤ አንቺ ነሽ። ምን እንዳልኩሽ አላስታውስም፤ የረባ ነገር አይደለም። ዘወር ስል አጠገቤ ቆማ እጇን ዘርግታለች። ሰጠኋት። "አባባ፣ ውጣ" አለችኝ። እኔን፣ በሽምግልናዬ፣ በሰው ቤት! ወጣሁ። ደምሰውና ሚስቱም ወጡ። በመጋረጃው በኩል ጀርባዋ ብቻ ይታየኛል።

ምን እንደጠየቀችሽ አልሰማሁም። አንቺም አትንገሪኝ። አንድ ነገር በሹክሹክታ አለች፤ ከዚያ ዝም ብላ አዳመጠች፤ ትከሻዋ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ነው። በመጨረሻ ጮክ ብላ "ትክክል ነው" አለች፤ የፈተና ወረቀት እንደሚያርም አስተማሪ። ያኔ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ሰምቼው የማላውቅ ሳቅና ሰምቼው የማላውቅ ለቅሶ አንድ ላይ መጣ፤ የደምሰው ሚስትም አብራ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ መጋረጃው ላይ ያለውን አበባ እያየሁ ቆምኩ።

ስንመለስ ከታክሲው እንደወረደች እጄን ጥላ ሮጠች። ስደርስ ምን አያለሁ? ሁንዴሳ በሩ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ ላሚቱ ቆማለች። "ጋሽ ቸኮል፣ ላምህ ጠፍታ ወንዝ ዳር አግኝቼ አመጣኋት፤ ይቺ ሴት አላስገባም አለችኝ! የራስህን ላም!" ይላል። ከውስጥ ዘነቡ፣ "ላምም ቢሆን አይገባም! ቃል ሰጥቻለሁ!" ትላለች።

ቲና በሩን በእግሯ መታችው። "ክፈቺ! እኛ ነን!"

"ምን ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?" አለች ዘነቡ።

"አለች!" አለች ልጅት። "ዘነቡ፣ እማዬ አለች!"

መወርወሪያው ሲከፈት ሰማሁ። ጥቁር የለበሰች ሴት እልል አትልም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ዘነቡ ግን አለች። በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወድቆ፣ ላሚቱ እስክትደነብር ድረስ እልል አለች። ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። ግማሾቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ሁንዴሳ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ከዚያ ላሚቱን ፍለጋ እንደገና ሄደ።

ሰኞ ማለዳ በልማዴ ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ማንም የለም። ወደ ውስጥ ተመልሼ አየኋት፤ አፏን ከፍታ ተኝታለች፣ አንድ እግሯ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ። ፀሐይ እስክትወጣ አልቀሰቀስኳትም። የትምህርት ሰዓት አልፎባታል፤ አስተማሪዋ ብትጽፍልሽ የእኔ ጥፋት ነው። በሩን እኔው ከፍቼ ወለል አድርጌ ተውኩት፤ ሣር የያዙ ልጆች በሰኞ ምድር ሊገቡ ሞከሩ፣ አባረርኳቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ማታ "አባባ፣ አንተ ስትሞት ለእማዬ ደክሞታል ይሏታል?" ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ እንዲህ አይጠይቅም ልል ነበር። ተውኩት። "አይሏትም፤ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት፤ እንደሆነው ትነግሪያታለሽ" አልኳት። እሺ ብላ ዞራ ተኛች። እዚህ ሰፈር ሥርዓቱን አልሽርም፤ አቅሙም የለኝ። በዚህ ቤት ግን ከእንግዲህ ተኝቷል የሚባለው የተኛ ሰው ብቻ ነው።

በሥራሽ በርቺ። ሰኔ ላይ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ስትመጪ በሩ ክፍት ነው።

ሃምዛ፣ ብዕሩን አስቀምጥና ከላይ ጀምረህ አንብበው። ጮክ በል፤ ቲና አጠገብህ ተቀምጣለች። ያልሆነ ነገር ከሰማች እጇን ታነሳለች፤ እዚያ ላይ ቆመህ ትሰርዘዋለህ።